ስለ ፌንጣ ግራ እግር

ኅዳር 9

ለእህቴ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ይህ ወረቀት ጤናሽ ሞልቶ፣ ጉልበትሽ በርትቶ ያግኝሽ። በሰው አገር ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ። እኛ አለን፤ እኔም የስፌት ማሽኔም እያቃሰትን እንሠራለን። ስልክ አትደውይ ያልኩሽን አትቀየሚኝ። በስልክ እኛ ለቅሶ እንጂ ወሬ አይሆንልንም፤ ልጅሽም መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ ስለጥፍላት ድዳ ትሆናለች። በወረቀት ይሻለናል።

ፌንጣ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ከገባች ወዲህ ጥያቄዋ በዝቶ ቤቱን ፍርድ ቤት አድርጋዋለች። ዳዴ ሳትል ዘላ ስለተነሳች ያወጣሁላት ስም ትምህርት ቤትም ተከትሏት ሄዷል፤ መምህሯ ሳይቀር ፌንጣ ነው የምትላት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ትምህርት ቤቱ የደንብ ልብሱን ራሱ አሰፍቶ ነው የሚሸጠው። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ከእኔ እጅ ያልወጣ ቀሚስ ለብሳ አታውቅምና ቅር እያለኝ ገዛሁላት። አለበስኳት፤ ቀሚሱ በግራ በኩል ወርዷል። ይህን የሰፋው ሰው እጁ ይሰበር አልልም፣ ግን ዓይኑን ይታጠብ ብዬ ጠርዙን ተርትሬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ጨርቁ ቀጥ ያለ ነው። እንደገና ጠቅሜ አለበስኳት፤ አሁንም በግራ ወርዷል። ያኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ጠማማው ቀሚሱ አልነበረም።

እኔ የቀሚስ ጠርዝ የምለካው እናታችን እንዳስተማረችን ነው፤ ለባሿን አቁሜ፣ ከወለሉ ወደ ላይ። ከወለል ተነስተሽ ከለካሽ ሰው የፈለገውን ያህል ቢያዘነብል ጠርዙ ልክ ይመጣል። ዳሌዋ ወደ ግራ እየወረደ ሲሄድ እጄ ምንም ሳይነግረኝ ጨርቁን እየቆረጠ ሲያስተካክል ኖሯል። አንድ ዓመት ይሁን ሁለት ዓመት አላውቅም። ሠፈሩ ሁሉ ቀሚሷ እንዴት ያምርባታል ሲለኝ ደስ እያለኝ ነበር።

ግራ እግሯ ከቀኟ ያጥራል፤ ጉልበቷ ጋ ደግሞ ጎበጥ ብሏል። የግራ እጇ ጣት ላይ ያለው እብጠት፣ በር ቆንጥጧት ነው ብዬ የጻፍኩልሽ፣ እስካሁን አልቀነሰም። አያማትም። ትሮጣለች፣ ትዘላለች፤ እኔ ግን ስትዘል ባየኋት ቁጥር ማሽኔን አቆማለሁ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ። አትጨነቂ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፤ ብቻሽን አትጨነቂ እልሻለሁ።

ከነክሯ ከነመርፌዋ የምታቅፍሽ፣
እህትሽ


ታኅሣሥ 3

ለእትዬ፣ ከእናቴ ቀጥሎ ላሳደግሽኝ፣

ጎንበስ ብዬ ጉልበትሽን እስማለሁ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ የዓይንሽን ብርሃን አይንሳሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ልብስ ማጠቢያው ከሆቴሉ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም። አንሶላው በጋሪ ይመጣል፣ በጋሪ ይሄዳል፤ እኛ መሃል ቆመን እንተኩሳለን። ተራዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ከጋሪው ጀርባ ተቀምጬ አነበብኩት። ሁለተኛ ልደግመው ስል ፊደሉ አልታይ አለኝ። አለቃዬ ምን ሆነሻል ሲለኝ እንፋሎቱ ነው አልኩት።

እትዬ፣ ሚያዝያ ላይ ፈቃድ አለኝ፤ እመጣለሁ። አምስት ዓመት ሞላኝ፣ ይበቃል። ሳትፈሪ ንገሪያት፤ ይህኛው እንደ ባለፈው የሚቀር አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከየት መጣባት? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩን ሳናውቅ ምኑን ነው የምናክመው? ሦስት ዓመቷ ላይ ከአልጋ ወደቀች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አንቺን ለመውቀስ አይደለም፣ ፈጣሪ ያውቃል። ግን በየትኛው ጎኗ ነበር የወደቀችው? ወተትስ በደንብ ትጠጣ ነበር? ሱቅሽ ጨለማ ነው፣ ፀሐይ አጥታ ይሆን? ዳዴ ሳትል መቆሟስ? አጥንቷ ሳይጠና ቆማበት ይሆናል። ይህን ሁሉ ለሐኪሙ አንድ በአንድ ንገሪው፣ እባክሽ።

ስለ እሱ የጻፍኩልሽ ሾፌር ሰላም ይላችኋል። አሁን አንድ ቤት ውስጥ ነን። ጥሩ ሰው ነው፣ ዝምተኛ ነው። ስለ እግሯ ነግሬዋለሁ።

እሷን ግራ እግሯን ሳሚልኝ። ከእኔ መላኩን ሳትነግሪያት ሳሚልኝ።

በሄደችበት የማያልፍላት፣
ትንሿ


ጥር 6

ለምወድሽ፣ ለጥያቄ አብዢዋ እህቴ፣

ላንቺም ለዝምተኛውም ጤና ይስጣችሁ። እንጀራሽ አይጉደል፣ እንፋሎቱም ዓይንሽን አያጥፋው።

አልወቅስሽም ብሎ መውቀስ ከማን ተማርሽ? በቀኟ ነው የወደቀችው፤ የታመመው ግራዋ ነው። ወተት ጠጥታለች። ፀሐይማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የመንገዱን ሁሉ ፀሐይ ጨርሳዋለች። ሱቄ ጨለማ ነው ያልሽውን ግን ይዤብሻለሁ፤ አንቺ ራስሽ እዚያው ጨለማ ውስጥ ነው ያደግሽው።

ሐኪም ቤት ሄድን። ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግድግዳው ሰው በተደገፈበት ልክ ቀለሙ ለቋል። ሐኪሙ ጺሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው፤ ሳየው ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሲነካት ግን እኔ ሐር ጨርቅ እንደምነካው ነው የነካት፤ ያኔ ወደድኩት። ራጅ አስነሳትና ፎቶውን መብራት ላይ ለጥፎ አሳየኝ።

እንዲህ ነው ያለኝ። የልጅ አጥንት ጫፉ ላይ ልም አጥንት አለው፤ ያ ልሙ ቀስ በቀስ እየጠነከረ ነው አጥንት የሚረዝመው። የእሷ ግን አንዳንድ ቦታ ልሙ ሳይጠነክር ውስጥ ቀርቷል። መሃሉ ሳይበስል እንደቀረ ዳቦ ማለት ነው። ጭኗ ላይ አለ፣ ቅልጥሟ ላይ አለ፣ ጣቷ ላይ አለ። ሁሉም በግራ በኩል። በጣም አልፎ አልፎ የሚገኝ በሽታ ነው፤ ከመቶ ሺህ ልጅ አንዱን ቢይዝ ነው አለኝ። አንዷ የኛ ሆነች።

ያንቺን ወረቀት አውጥቼ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። አልጋው? አይደለም። ወተቱ? አይደለም። ፀሐዩ? ዳዴ ሳትል መቆሟ? አይደለም፣ አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው ስለው፣ እንዲህ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ የምነግርሽ የለኝም፣ ከኔ የሚበልጡትን ጠይቄ አጣራልሻለሁ አለ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሐኪም ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ግንቦት ላይ ቀዶ ጥገና ይሠራላታል። አጥንቷን ቆርጠው፣ ከውጭ ቀለበት የመሰለ ብረት አስረው፣ ብሎኑን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ያስረዝሙታል። ሐኪም ቤት ተኝታ ብቻ አያልቅም፤ ቤት ከመጣች በኋላ ብሎኑን የሚያዞረው የቤት ሰው ነው፣ ወራት ይፈጃል። ያማታል። ይህን ሲነግረኝ እሷ ውጭ ነበረች። ቀጥሎ ያለኝን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ "እናቷ ብትኖር ነው የሚሻለው። ልጅ ሲያመው የሚጠራው እናቱን ነው፤ ስትጠራት አጠገቧ ብትሆን።"

ሚያዝያ እንደምትመጪ ነገርኳት። ለጫማ ሰፊው ነግራለች፣ ለፀጉር ቤቷ ነግራለች፣ ለማያውቃት መንገደኛም ነግራለች። እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንዳትቀሪ።

መንገድሽን የምትጠብቅ፣
እህትሽ


የካቲት 5

ለእትዬ፣ ለጉልላቴ፣

የሰማይ አምላክ ቤትሽን ይጠብቅልኝ። ስለ ወቀሳው ይቅር በይኝ፤ ሰው ሲጨንቀው የሚይዘው አያጣም።

ሐኪሙ አላውቅም አለ ማለት ምክንያት የለም ማለት አይደለም። በእርግዝናዬ ጊዜ ክር ማቅለሚያው ቤት እሠራ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆኖ ስመጣ፣ ሰማይ ዳስሰሽ መጣሽ እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። እኔ አሁን እሱን ሰማያዊ እያየሁ ነው የማድረው። ገንዳው ውስጥ ምን እንደነበረ ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ያ ቀለም ሆዴ ድረስ ገብቶ ይሆን? ጠይቂልኝ። እዚህ የምንሠራበትስ፣ ልብስ የሚያነጣው መድኃኒት፣ ሽታው ጉሮሮ የሚከረክረው፣ እሱስ አጥንት ይነካል ወይ? እሱንም ጠይቂልኝ።

ወይስ ከአባቷ፣ ከግንበኛው ወገን ነው? ከአባት ብቻ የሚወረስ በሽታ አለ ይላሉ። የግንበኛው እናት ስትራመድ ሸብረክ ትል አልነበር? እኔ ምራቷ እያለሁ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዛ ነበር የምትነሳው። እትዬ፣ ክብርሽን እንደምነካ አውቃለሁ፤ ግን ሄደሽ ጠይቂያት። በዘራቸው አጥንቱ የጎበጠ፣ ጣቱ ያበጠ ልጅ ነበር እንደሆነ ጠይቂያት። ከነሱ መሆኑን ባውቅ አንድ ሸክም ይወርድልኛል።

ሾፌሩ ትናንት እራት ላይ፣ በዘራችሁ አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልበላንም። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ስለ ሚያዝያ፣ አለቃዬን አነጋግራለሁ።

የጨነቃት፣
ትንሿ


የካቲት 30

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ያሰብሽውን ያሳካልሽ፣ የደበቅሽውንም ያቅልልሽ።

ሄድኩልሽ። ጥሩ ሻሼን አስሬ፣ ለግንበኛው እናት የሰፋሁላትን የትራስ ልብስ ይዤ ሄድኩ። በክብር ነው የተቀበለችኝ፤ ሻይ ቀዳችልኝ። ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ቆይቼ በመጨረሻ ጠየቅኋት። ስኒዋን አስቀመጠች፤ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ እያቸው አለችኝ። ሰባ ዓመት የታጠበባቸው እጆች ናቸው፤ ጣቶቿ ቀጥ ያሉ ናቸው። ጉልበቴን ያመመኝ የእናንተን ጨምሮ የሰው ልብስ ሳጥብ ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ ነው፣ አሁን ደግሞ የአብዬን ወደ እምዬ ልታደርጉት መጣችሁ አለች። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ። ደጁ ድረስ ሸኘችኝ፤ እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግንበኛው ከናንተ ፍቺ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ልጁን በሞተር እንደሚወስዳት ታውቂያለሽ። የሚሠራበት ቦታ ይወስዳትና አሸዋ ላይ ስትጫወት ትውላለች፤ ስትመለስ ከፀጉሯ ውስጥ ሲሚንቶ አራግፋለሁ። ስለ እግሯ ስነግረው እንኳ አልደነገጠም፤ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧት፣ እኔ ጠማማ ግድግዳ ስንት ጊዜ አቅንቻለሁ አላት። ያለፈው ቅዳሜ ግን ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆመ። "ልጄን እንደ ተበላሸ ዕቃ፣ ከየትኛው ሱቅ ተገዛች እያላችሁ ነው። እናቴ እያለቀሰች ነው" አለኝ። ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ ቆማ ነበር። ሄደ። በዚህኛውም ቅዳሜ አልመጣም። እሷ ግን ጫማዋን አድርጋ ዋለች።

ያዘዝሽኝን ስላደረግሁ ላዘዝሽው ተጠያቂ አላደርግሽም፤ እግሬ የኔ ነው፣ የሄድኩት እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ ከምን መጣ ትያለሽ፤ እሷ መቼ ትመጣለች ትላለች። ሁለታችሁም የምትጠይቁት እኔን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ደብዳቤሽን ሳነበው ከነከነኝ። ስለ ቀለሙ ስትጠይቂ ገብቶኛል፤ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርሽ። አሁን ስለምትሠሪበት መድኃኒት ለምን ጠየቅሽ? እሷ አንቺ ዘንድ የለችም፤ ሽታው ባሕር ተሻግሮ አጥንቷን አይነካም። አላወጣጣሽም። ሽልም ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣም ከሆነ ይጠፋል ይላሉ። ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።

ያው እህትሽ


ሚያዝያ 8

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። በመዘግየቴ ይቅር በይኝ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

በግንበኛው አዘንኩ። በስሜ ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ወይ ተይው፣ እኔ እጽፍለታለሁ።

ፈቃዴ ተገፋ። አለቃዬ በዚህ ወር ሰው የለኝም አለ። ለእሷ እንዴት እንደምትነግሪያት አላውቅም፤ ያንቺ አነጋገር ከኔ ይሻላል። ለቀዶ ጥገናው እደርስ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠይቅሽም። ለሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። ይተላለፋል ወይ? አንዲት እናት እንዲህ ያለ ልጅ ከወለደች በኋላ፣ ሌላ ብትወልድ፣ እሱንም ይይዘዋል ወይ? እንዲሁ ለማወቅ ነው። በቶሎ ጻፊልኝ፤ በጣም በቶሎ።

ትንሿ


ሚያዝያ 28

ለእህቴ፣ ለሆዴ፣

የፈራሽውን ሁሉ ያርቅልሽ፤ በወጣሽበት በሰላም ይመልስሽ።

ጥያቄሽን ይዤ ሄድኩ። ቀጠሮ አልነበረኝም፤ ሐኪሙ ምሳውን ሊበላ ሲወጣ ደረጃው ላይ ያዝኩት። ተቀመጭ ብሎኝ ደረጃው ላይ ተቀመጥን፤ ዳቦውን ለሁለት ከፈለው። ከታላላቆቹ ሐኪሞች ጋር ተጻጽፎ አጣርቶ ነበር።

እንዲህ ነው ነገሩ። ከአንቺም ከግንበኛውም አልወረሰችውም። በማህፀን ውስጥ፣ ገና ከመርፌ ጫፍ ሳትበልጥ፣ ሰውነቷ ሲበዛ ከነበሩት ሕዋሶች በአንዷ ላይ ስህተት ተፈጠረ። ከዚያች ከአንዷ የበቀለው ሁሉ ስህተቱን ይዞ በቀለ፤ ሌላው አካሏ ደህና ነው። አንድ ጎኗን ብቻ የያዛትም ለዚሁ ነው። እኔ በገባኝ መንገድ ነገርኩት፤ ማሽኔ ደህና እየሰፋ ሄዶ አንዳንዴ አንድ ጥልፍ ይዘላል፤ ክሩም ደህና፣ መርፌውም ደህና፣ እጄም ደህና። ለምን ዘለለ ቢሉኝ አላውቅም። ሳቀና፣ ከኔ አነጋገር ያንቺ ይሻላል አለኝ።

ቀለሙንም ጠየቅሁት። ቀለም ነው፣ ሽታ ነው፣ ድንጋጤ ነው፣ ምግብ ነው ብሎ ያረጋገጠ ማንም የለም አለ። ያቺን ሕዋስ ምን እንዳሳሳታት ግን እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት ምንም አይደለም፣ እንዲሁ ነው አለ። እናትየዋ ያደረገችው ወይም ያላደረገችው ነገር የለም፣ ይህንን ንገሪያት፣ ሌሊት ሌሊት ስታስበው የምታድር ከሆነ ትተኛ አለ። ሳላወራው እንዴት እንዳወቀ እንጃ።

የመጨረሻውን ጠየቅሁት። አይተላለፍም። እናቷ አሥር ብትወልድ አሥሩም እንደማንኛውም ሰው ልጅ ናቸው አለኝ። ቀና ብሎ አየኝና፣ እርጉዝ ናት እንዴ አለ። እንጃ፣ አልነገረችኝም አልኩት። እውነቱን ነው የነገርኩት።

ስለ ፌንጣ ያለኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። እግሯ ቢረዝምም እብጠቶቹ ውስጧ ይኖራሉ፤ አንዳንዴ ስታድግ ወደ ክፉ የሚለወጥ አለና ዕድሜዋን ሙሉ ክትትል አይቋረጥባትም። ይህን ለብቻዬ መስማት ከበደኝ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ሚያዝያ ሊያልቅ መሆኑን አውቃለች። የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ያስተማሯትን ሰዎች ረገምኩ። እናትሽ ሥራ በዛባት ስላት አላለቀሰችም፤ እሺ አለችና የማሽኔን መሳቢያ ከፍታ ቁልፎቹን በየቀለማቸው ትለይ ጀመር። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቀዶ ጥገናው ግንቦት 25 ነው። አሁን ሥሩን አውቀሻል፤ ሥሩ የለም። ከእንግዲህ የቀረው መምጣት ብቻ ነው። ነይ።

እህትሽ


ግንቦት 15

ለእትዬ፣ ለብርሃኔ፣

ምን ብዬ ልመርቅሽ? ከጎንሽ ሰው አትጪ፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ ሞትሽን ያርቀው።

ተኛሁ፣ እትዬ። ደብዳቤሽን አንብቤ፣ ለሾፌሩም አንብቤለት፣ ሁለታችንም ተኛን፤ ጠዋት ሰዓቱ ጮኾ ጮኾ ዝም ሲል እንኳ አልሰማንም። ከስንት ወር በኋላ።

አንቺ መቼም ጨርቅ ሳይገለጥ ውስጡን ታውቂያለሽ። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። መጀመሪያ ልጽፍልሽ ነበር፤ የቀሚሱ ደብዳቤ ሲመጣ እጄ ታሰረ። ስለ እግሯ እየነገርሽኝ እኔ ስለ ሌላ ልጅ እንዴት ልጻፍ? ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። ሾፌሩ ምንም አላለኝም፣ ግን ሆዴን መንካት ትቶ ነበር። እኔም ሆዴ ሲንቀሳቀስ በደስታ ፋንታ እግሮቹን እቆጥር፣ በየት በኩል ረገጠኝ እል ነበር። ያንቺ ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ ሾፌሩ ጆሮውን ሆዴ ላይ አድርጎ ያወራዋል። ዝምተኛ ያልኩሽ ሰው እኮ ነው።

እዚህ ያለው ሐኪም ጉዞ ከልክሎኛል። ለቀዶ ጥገናው አልደርስም። ስወልድና ልጁ ጠንከር ሲል ይዤው እመጣለሁ፤ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ። አትቆጪኝ። በእሷ ፋንታ ይህንን መረጥኩ ማለት አይደለም፤ ሆዴ ውስጥ ስላለ ነው፣ አስቀምጬው መምጣት አልችልም።

ንገሪያት። ወንድም ወይም እህት ሊመጣላት መሆኑን ስትሰማ ደስ ይላታል። እሱ ደህና መሆኑንም ንገሪያት፤ አይተላለፍም፣ ከኛ ከማንኛችንም አይደለም፣ የማንም ጥፋት የለበትም በያት። ሸክሙ ለእሷም ይቀላታል።

ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፤ ጊዜ ካገኘሽ ብቻ ከእጅሽ የወጣ አንድ ትንሽ ልብስ ላኪልኝ። ለስላሳ ጨርቅ ይሁን።

እፎይ ያለች፣
ትንሿ


ሰኔ 14

ለእህቴ፣

በሰላም ያገላግልሽ። ለጨቅላው ሙሉ ዕድሜ፣ ላንቺ ሙሉ ወተት ይስጥልኝ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፤ ከታች ያለውን ስታነቢ ይህኛውን እንዳትረሺው።

ቀዶ ጥገናው ተሠርቶላታል። ብረቱ ከጉልበቷ በታች ተደርድሮ ታስሯል፤ ሽቦው በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ብሎኑን ማዞር አስተማሩኝ። እጄ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው አሉ። ሳዞረው ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። ሐኪሙ እንዳለው ሲያማት እናቷን ትጠራለች። መጀመሪያ ስትጠራ አቤት ብዬ ነበር፤ አንቺን አይደለም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጇን ብቻ እይዛለሁ።

ግንበኛው መጣ። እናቱንም ይዞ መጣ። ማንም ስለ ዘር አላነሳም። ሴትየዋ የልጅቷን እግር ስታይ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች፤ ከዚያ በእነዚያ እጆቿ ፀጉሯን ትሠራት ጀመር። ከአንቺ ደብዳቤ ይልቅ ያ ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም።

ከሰዓት በኋላ ሁላቸውም ሲሄዱ ነገርኳት። እናትሽ ልትወልድ ነው፣ ወንድም ወይ እህት ይመጣልሻል አልኳት። ደስ አላት። ስሙን ማን ያወጣዋል አለች። ከዚያ አሰብ አድርጋ፣ እግሩ እንደኔ ይሆናል ወይ አለችኝ። እንዳዘዝሽኝ መለስኩላት፤ አይሆንም፣ አይተላለፍም፣ ያንቺም ከማንም አልመጣም፣ ከእናትሽም አይደለም፣ ከአባትሽም አይደለም አልኳት። ሸክሟን የማወርድላት መስሎኝ ድምፄን ሁሉ ደስ የሚል አድርጌ ነበር።

"የእማዬ እግር እንደኔ አይደለም?" አለችኝ።

የእናትሽ እግርማ ቀጥ ያለ ነው አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሰውነቷን ማዞር አትችልም፣ ፊቷን ብቻ።

ቀስ እያልኩ ነው ያወጣጣኋት። ይኸውልሽ እህቴ፣ ይህን ሁሉ ወር እኔ ደብዳቤሽን ለጎረቤት ሳወራ፣ ከእናቷ ነው፣ የለም ከአባቷ ነው ስንባባል፣ እሷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ሆና ትሰማን ነበር። ሰማችና መረጠች። ትምህርት ቤት፣ ለምን ታነክሻለሽ ሲሏት፣ እናቴም እንደዚህ ነው የምትሄደው፣ ከእሷ ነው ያገኘሁት ትላቸው ነበር። አንቺ ስትሄጂ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አካሄድሽን ከየት ታውቀዋለች? ቤት ባሉት ፎቶዎችሽ ላይ እንደሆነ ሁልጊዜ ተቀምጠሽ ነው ያለሽው። ልብስ መለካት ሲያልቅና ደንበኛ ሲሄድ መስታወቴ ፊት ወዲያ ወዲህ ትል ነበር፤ እግሯን እያየች የምታዝን መስሎኝ አንድ ቀን መስታወቱን በጨርቅ ሸፈንኩባት። እያዘነች አልነበረም። አንቺን እያየች ነበር።

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ሁሉንም ከነገረችኝ በኋላ፣ "እኔ እኮ በእማዬ የወጣሁ መስሎኝ ነበር" አለች።

ዓይኗ የአንቺ ነው ልላት አሰብኩ፤ አይደለም፣ የግንበኛው ነው። ሳቋ የአንቺ ነው እንዳልላት፣ ሳቅሽ ጠፍቶብኛል፣ አምስት ዓመት ሆኖታል።

ለጨቅላው ሁለት ሸሚዝ ሰፍቼ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ ጨርቁ ለስላሳ ነው። አንቺ ደግሞ ለእኔ መጻፉን ለጊዜው ተይውና ለእሷ ጻፊላት። ከአንቺ ምን እንዳላት ፈልጊና ጻፊላት፤ ጥፍርም ይሁን፣ አስተኛኘትም ይሁን። በእኔ በኩል አታድርጊው። ማንበብ ትችላለች።

እህትሽ